መቀጣጠልና መቆም፦ የባሕር ቀንድ አውጣ ነርቭ ሕዋሳት የሚያስተምሩን

በነቀምቴ ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ



 የንግግሩ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ ደጋግሞ የቀረበልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ባሕር በሌለበት በወለጋ ምድር ስለ ባሕር ቀንድ አውጣ ማውራት ምን ይፈይዳል?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ይገባዋል። ይህች ፍጥረት የተመረጠችው ስለ ራሷ ብቻ አይደለም። በእኛም አካል ውስጥ ያለውን አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ከሌሎች እንስሳት ይልቅ ግልጥ አድርጋ ስለምታሳየን ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፦ አንድ ነርቭ ሕዋስ እንዴት ይቀጣጠላል? ከተቀጣጠለ በኋላስ መቆምን ከየት ያውቃል?

በመማሪያ መጻሕፍት ስለ መቀጣጠል ብዙ ተጽፏል። ስለ መቆም የሚጻፈው ግን ጥቂት ነው። የዛሬው ንግግሬ ዋና ሐሳብ መቆም የሕዋሱ ድካም ሳይሆን የሕዋሱ ሥራ ነው የሚል ነው።

ፍጥረቷና ሕዋሳቷ

የእንስሳዋ ሳይንሳዊ የወገን ስም አፕሊሲያ ነው። ዛጎሏ ተመናምኖ ከቆዳዋ ሥር የተሸሸገ፣ የባሕር አረም የምትመገብ፣ ሰውነቷ ለስላሳ የሆነ ቀንድ አውጣ ናት። በራሷ ላይ የቆሙት ሁለት ቀንዶች ጆሮ ስለሚመስሉ የባሕር ጥንቸል ይሏታል። በብዛት የተጠናችው ዝርያ የምትኖረው በካሊፎርኒያ ጠረፍ ነው፤ የወገኗ ዝርያዎች ግን በጎረቤታችን በቀይ ባሕርም ይገኛሉ።

ተመራማሪዎች ወደ እርሷ የሄዱበት ምክንያት ቀላል ነው። የሰው አንጎል ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ ነርቭ ሕዋሳት አሉት። የአፕሊሲያ ዋና ዋና የነርቭ ቋጠሮዎች ግን በድምሩ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሕዋሳት ብቻ ይይዛሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ስፋታቸው እስከ አንድ ሚሊሜትር ይደርሳል፤ የጤፍ ፍሬ ያህላሉ ማለት ነው። በዓይን የሚታይ ነርቭ ሕዋስ ለተመራማሪ ትልቅ ስጦታ ነው፤ መርፌ የመሰለ ኤሌክትሮድ አስገብቶ የውስጡን ቮልቴጅ ለረጅም ጊዜ መለካት ያስችላልና። ኤሪክ ካንዴል በዚህችው እንስሳ ላይ ስለ ትምህርትና ትውስታ ባደረገው ምርምር እ.ኤ.አ. በ2000 የኖቤል ሽልማትን ከአርቪድ ካርልሰንና ከፖል ግሪንጋርድ ጋር ተጋርቷል።

ዛሬ ግን ከትውስታ ሕዋሳት ይልቅ የከረጢት ሕዋሳት ስለሚባሉት እናገራለሁ። እነዚህ በእንስሳዋ የሆድ ነርቭ ቋጠሮ አናት ላይ በግራና በቀኝ በሁለት ስብስብ የተቀመጡ ናቸው። በእያንዳንዱ ስብስብ ጥቂት መቶ ሕዋሳት ይገኛሉ። ኧርቪንግ ኩፕፈርማን እ.ኤ.አ. በ1967 የእነዚህን ሕዋሳት ጭማቂ ወደ ሌላ አፕሊሲያ አካል ሲያስገባ፣ ተቀባይዋ እንቁላል መጣል እንደምትጀምር አሳየ። መራመዷንና መብላቷን ታቆማለች፤ ራሷን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘች ረጅም የእንቁላል ክር ትዘረጋለች። በአንድ ክር ላይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንቁላል ሊኖር ይችላል። እንግዲህ ጥቂት መቶ ሕዋሳት የአንድን እንስሳ ሙሉ ባሕርይ ለሰዓታት ይለውጣሉ ማለት ነው።

ተነቃቂነት ምንድን ነው?

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት፣ የሌላ ትምህርት ክፍል ተማሪዎችም እንድትከተሉኝ አንድ ምሳሌ ልጠቀም። የፊንጫ ግድብን ያየ ሰው ኃይሉ ያለው በውኃው ከፍታ ልዩነት እንደሆነ ያውቃል። በሩ እስኪከፈት ድረስ ውኃው ዝም ይላል። ነርቭ ሕዋስም እንዲሁ ነው። ጉልበት እያወጣ ሶዲየምን ወደ ውጭ፣ ፖታሲየምን ወደ ውስጥ ሲያጋዝ ይኖራል። በዚህም የተነሣ የሕዋሱ ውስጥ ከውጩ በ60 ሺኛ ቮልት ገደማ አሉታዊ ይሆናል። በሕዋሱ ገለፈት ላይ ያሉት አዮን አሳላፊ ቦዮች የግድቡ በሮች ናቸው። ሶዲየምና ካልሲየም ወደ ውስጥ ሲገቡ ሕዋሱ ይነቃቃል፤ ፖታሲየም ወደ ውጭ ሲወጣ ይረጋጋል።

ምሳሌው የሚለያይበትም አለ። የግድቡን በር የሚከፍተው ሠራተኛ ነው። በነርቭ ሕዋስ ግን ብዙዎቹን በሮች የሚከፍተው ራሱ የቮልቴጅ ለውጥ ነው፤ አንዱ በር ሲከፈት ቮልቴጁን ስለሚለውጥ ሌላውን ያስከፍታል። የኤሌክትሪክ ምት የምንለው ይህን ነው። ተነቃቂነት ስንልም የእነዚህን በሮች ብዛትና ዝግጁነት ማለታችን ነው። ዝግጁነታቸው ቋሚ ነገር አይደለም፤ ሕዋሱ ራሱ ሊጨምረውና ሊቀንሰው ይችላል።

መቀጣጠሉ

የከረጢት ሕዋሳት አብዛኛውን ዕድሜያቸውን በዝምታ ያሳልፋሉ። ከራስ አካባቢ ለጥቂት ሴኮንድ መልእክት ሲመጣላቸው ግን ሁሉም በአንድነት ይነሣሉ። ሕዋሳቱ በቀጥታ የኤሌክትሪክ መገናኛ የተያያዙ ስለሆኑ ሥራቸው እንደ ደቦ ነው፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ይከተላል። በመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ገደማ በሴኮንድ እስከ 5 ምት ይሰጣሉ። ከዚያ በሴኮንድ ወደ 1 ምት ዝቅ ብለው ለ30 ደቂቃ ያህል ይቀጥላሉ። ቀስቃሹ መልእክት ካበቃ ቆይቷል፤ ሕዋሳቱ ግን በራሳቸው እየሠሩ ናቸው። ይህን ሁኔታ በዚህ ንግግር የምት ማዕበል እለዋለሁ።

የሴኮንዶች መልእክት የግማሽ ሰዓት ሥራን እንዴት ይወልዳል? ሦስት ነገሮችን ለይተን ማየት እንችላለን።

አንደኛው፣ በገለፈቱ ላይ አዎንታዊ አዮኖችን ሳይመርጥ የሚያስገባ ቦይ መኖሩ ነው። ይህ ቦይ ቀስ ብሎ ተከፍቶ ስለሚቆይ ሕዋሱን ከዕረፍት ቮልቴጁ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። ፕሮቲን ኪኔዝ ሲ የሚባለው ኢንዛይም ከዚሁ ቦይ ጋር ተጠግቶ ይገኛል፤ ሲነቃ የቦዩን ሥራ ያበረታል።

ሁለተኛው፣ ፕሮቲን ኪኔዝ ኤ የተባለው ሌላ ኢንዛይም የፖታሲየም ፍሰትን መቀነሱ ነው። የሚያረጋጋው ፍሰት ሲቀንስ እያንዳንዱ ምት ይረዝማል፤ ምቱ ሲረዝም የሚገባው ካልሲየም ይበዛል።

ሦስተኛው እኔን ዘወትር የሚያስደንቀኝ ነው። ሊዮናርድ ካዝማሬክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 እንዳሳዩት ሕዋሱ በዕረፍት ጊዜ የማይጠቀምባቸው ስውር የካልሲየም ቦዮች አሉት። ፕሮቲን ኪኔዝ ሲ ሲነቃ እነዚህ ቦዮች ሥራ ይጀምራሉ። ኋላ የተደረጉ ጥናቶች እንዳመለከቱት ቦዮቹ በሕዋሱ ውስጥ በጥቃቅን ቋቶች ላይ ተቀምጠው ይጠብቁና በትእዛዝ ወደ ገለፈቱ ይመጣሉ። ገበሬ ለክፉ ቀን በጎተራው እንደሚያኖረው እህል፣ ሕዋሱም ተነቃቂነቱን በመጠባበቂያ ያኖራል።

ፔፕታይዱ እንዴት ይወጣል?

የዚህ ሁሉ ግብ እንቁላል አስጣይ ሆርሞን የሚባለውን ፔፕታይድ ወደ ደም ማፍሰስ ነው። ሆርሞኑ ከ36 አሚኖ አሲዶች የተሠራ ነው፤ ቅደም ተከተሉ እ.ኤ.አ. በ1979 ታወቀ። ሪቻርድ ሼለርና ባልደረቦቹ ከሪቻርድ አክስል ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1983 የዘረ መሉን ቅደም ተከተል ሲያወጡ፣ ሆርሞኑ መጀመሪያ የ271 አሚኖ አሲዶች ትልቅ ፕሮቲን አካል ሆኖ እንደሚሠራ ግልጽ ሆነ። ያ ትልቅ ፕሮቲን ተቆራርጦ ከአንድ በላይ ንቁ ፔፕታይዶችን ይሰጣል። ከእነዚህም አንዱ ተመልሶ የወጣበትን ሕዋስ ራሱን ያቀዘቅዛል። ሕዋሱ ሥራን ከሚያዝዘው መልእክት ጋር ለራሱ ልጓም አብሮ ያመርታል ማለት ነው።

ተማሪዎች እዚህ ላይ አንድ ልዩነት እንድታስተውሉ እፈልጋለሁ። እንደ አሴቲልኮሊን ያሉ ትናንሽ መልእክተኞች በነርቩ ጫፍ ላይ እንደገና ተሠርተው ቋታቸው ይሞላል። ፔፕታይድ ግን በሕዋሱ አካል ውስጥ ከዘረ መል ተነሥቶ መሠራት፣ መታሸግና እስከ ጫፍ መጓጓዝ አለበት። ውድ ዕቃ ስለሆነ በአንድ ምት አይባክንም። እንዲወጣ የካልሲየም መጠን ከፍ ብሎ መቆየት ይኖርበታል። የምቱ ማዕበል ለግማሽ ሰዓት የሚዘልቅበት ምክንያትም እዚሁ ላይ ይታየናል።

ይሁን እንጂ የሆርሞኑ አወጣጥ የኤሌክትሪክ ምቱ ጥላ ብቻ አይደለም። ምቱ ከቆመ በኋላም ሆርሞኑ ለተወሰነ ጊዜ መውጣቱን ይቀጥላል። በኒል ማጎስኪ ቤተ ሙከራ የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከውጭ ከሚገባው ካልሲየም ሌላ፣ በሕዋሱ ውስጥ ከማይቶኮንድሪያ የሚለቀቀውም ካልሲየም ሆርሞኑን ማስወጣት ይችላል። ስለዚህ ተነቃቂነትና የፔፕታይድ አወጣጥ የተሳሰሩ ናቸው፤ አንድ ናቸው ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው።

እምቢታው

ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ሕዋሳቱን እንደገና ብንቀሰቅሳቸውስ? አይነሡም። ለ18 ሰዓት ገደማ ያንኑ መልእክት ብንሰጣቸው ሌላ ማዕበል አይወለድም። ይህን ወቅት የእምቢታ ጊዜ እንበለው።

የመጀመሪያው ግምታችን ሕዋሱ ደከመ የሚል ይሆናል። ማስረጃው ግን ወደ ሌላ ይመራል። ካዝማሬክና ጁሊ ካወር እ.ኤ.አ. በ1983 እንዳሳዩት ሕዋሱን ወደ እምቢታ የሚያስገባው በማዕበሉ ጊዜ የገባው ካልሲየም ነው። ልብ በሉ፤ ሆርሞኑን የሚያስወጣው ካልሲየም ራሱ የመቆሙን ትእዛዝም ይዞ ይገባል። ማጎስኪና ካዝማሬክ እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዱ። ቀደም ብዬ ያነሣሁት ፕሮቲን ኪኔዝ ሲ በእምቢታ ጊዜ በብዙ ሕዋሳት ከቦዩ አጠገብ እንደማይገኝ አሳዩ። ሳርክ የተባለውን ሌላ ኢንዛይም ሲያግዱ ግን የኪኔዙ ተጽዕኖ በቦዩ ላይ ተመለሰ። ቦዩ አለ፤ ኪኔዙም በሕዋሱ ውስጥ አለ፤ የጠፋው የሁለቱ መቀራረብ ነው። ጥናቱ የሚያመለክተው ሕዋሱ የመቀጣጠል መብቱን የሚሰጠውና የሚነሣው በዚህ መቀራረብና መለያየት መሆኑን ነው።

መቆም ሥራ ነው ያልሁት በዚህ ምክንያት ነው። ዝም ያለው ሕዋስ የጎደለው ነገር የለም፤ ዝምታውን የሚጠብቀው በራሱ ኬሚስትሪ ነው። እንስሳዋም በዚህ ትጠቀማለች፤ ያለማቋረጥ እንቁላል ብትጥል መብላትም መራመድም አትችልምና።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ተነቃቂነት ከቁጥጥር ሲወጣ ምን እንደሚመስል በዚህ አዳራሽ ያለን ሁላችንም አይተናል፤ በገበያ፣ በቤተ እምነት፣ በትምህርት ቤት። በአማርኛ የሚጥል በሽታ፣ በአፋን ኦሮሞ ጋጋብዶ የምንለው ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ከ1000 ሰው 5.2 የሚሆኑት በዚህ ሕመም እንደሚኖሩ አሳይተዋል። ሕመሙ የብዙ ነርቭ ሕዋሳት ያለ ልጓም በአንድነት መቀጣጠል ነው። የአፕሊሲያ ማዕበል ጤናማና ዓላማ ያለው ስለሆነ ከሚጥል በሽታ ጋር አንድ ነው አልልም። የሚሠሩበት ቋንቋ ግን አንድ ነው፤ ሶዲየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም፣ ኪኔዝ። በጤና ተቋሞቻችን የሚሰጡት ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የሶዲየም ቦይን ያረግባሉ፤ ፌኖባርቢታል የአንጎልን የማረጋጊያ መልእክት ያጠናክራል። የፖታሲየም ቦይ ዘረ መል ሲበላሽ በአራስ ሕፃናት ላይ የሚጥል በሽታ ሊከሰት እንደሚችልም እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ይታወቃል።

ይህን የተረዳ ተማሪ ከእውቀቱ ጋር ግዴታም ይወስዳል። በአገራችን በሚጥል በሽታ የወደቀ ሰው ይተላለፍብኛል ተብሎ ሳይነካ በእሳት አጠገብ የሚተውበት ጊዜ አለ። ክብሪት ተጭሮ ጢሱ በአፍንጫው ይደረጋል። የነርቭ ሕዋስ መቀጣጠል በለሐጭ አይተላለፍም፤ የክብሪት ጢስም የፖታሲየም ቦይ አይከፍትም። አብዛኛው መንቀጥቀጥ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይቆማል፤ አንጎልም የመቆም ሥራውን ይሠራልና። ከእኛ የሚጠበቀው ሰውየውን ከእሳትና ከውኃ ማራቅ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ ራሱን ከመጋጨት መጠበቅ፣ በአፉ ምንም አለመጨመር ነው። ከ5 ደቂቃ ካለፈ መቆም ያቃተው ነውና በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መድረስ አለበት።

የንግግሬ ሁለተኛ ክፍል የሆነው ፔፕታይድም ከእኛ ሩቅ አይደለም። በእናት አንጎል ውስጥ ያሉ ነርቭ ሕዋሳት በወሊድና በማጥባት ጊዜ ኦክሲቶሲንን በኅብረት ምት ወደ ደም ይለቃሉ። እርሱም 9 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፔፕታይድ ነው። ቪንሰንት ዱ ቪኞ እ.ኤ.አ. በ1953 በቤተ ሙከራ ሠራው፤ ለዚህና ተያያዥ ለሆኑ ሥራዎቹ በ1955 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ዛሬ ከወሊድ በኋላ የሚደርስን የደም መፍሰስ ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት ይኸው ነው። ፔፕታይድ በሙቀት ይበላሻል፤ ስለዚህ በቀዝቃዛ ሥፍራ መቀመጥ አለበት። መብራት ሲጠፋ ስለ መድኃኒት ማቀዝቀዣው የምትጨነቅ አዋላጅ ነርስ ሳታውቀው ስለ ፔፕታይድ ኬሚስትሪ እየተጨነቀች ነው።

ከጅረቶቻችን የሚነሣ ጥያቄ

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ ለተማሪዎች ላቅርብ። አፕሊሲያ እዚህ የለችም፤ ዘመዶቿ ግን አሉ። በአውሮፓ ኩሬዎች የምትኖረው ሊምኒያ ስታግናሊስ የከረጢት ሕዋሳትን የሚመስሉ 100 ገደማ ሕዋሳት አሏት፤ የእርሷም እንቁላል አስጣይ ሆርሞን እንዲሁ 36 አሚኖ አሲዶች አሉት። በጨው ባሕርና በጣፋጭ ውኃ የተለያዩ ወገኖች ይህን ሥርዓት ጠብቀው ኖረዋል።

በኢትዮጵያ ደግሞ ቢዮምፋላሪያ ፋይፈሪ የተባለችው የጣፋጭ ውኃ ቀንድ አውጣ የአንጀት ቢልሃርዝያን ታስተላልፋለች። በሽታው በፊንጫ ሸለቆ የመስኖ አካባቢ መኖሩ በጥናት የተረጋገጠ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተውለው፣ ከዚያ አንድ ትልቅ የምርምር መንገድ ከፈቱ። እርሳቸው ቀንድ አውጣዋ በምን ትሞታለች ብለው ጠየቁ። እኛ ደግሞ እንቁላሏን ለመጣል ነርቯ መቼ ይቀጣጠላል፣ መቼስ እምቢ ይላል ብለን መጠየቅ እንችላለን። ክረምትና በጋ ተነቃቂነቷን ይለውጡታልን? ይህን ለመጀመር ማይክሮስኮፕ፣ የመስታወት ኤሌክትሮድ፣ ማጉያ መሣሪያና ትዕግሥት ያስፈልጋሉ። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ፦ ማንም ተማሪ ባዶ እጁን ወደ ጅረት እንዳይሰድ፤ ከውኃው የተሰበሰበች ቀንድ አውጣ በሽታውን ልትይዝ ትችላለችና ጓንትና የቤተ ሙከራ ጥንቃቄ ግድ ነው።

ከአኖ፣ ከባኮ፣ ከጊምቢ፣ ከሻምቡ የመጣችሁ ተማሪዎች በየመንደራችሁ ጅረት አለ። የነርቭ ሳይንስ የሌሎች አገሮች ርስት አይደለም። ካንዴልም ሆነ ካዝማሬክ ትልቁን ጥያቄ የጠየቁት ማንም ቁም ነገር ከማይላት እንስሳ ነው። ጥያቄው በትክክል ከተጠየቀ በእጃችን ካለው ፍጥረት መልስ ይገኛል።